የእትዬ ደብሪቱ ሁለት ድስት

ባለፈው ሳምንት ለሠርግ የታዘዘ ምግብ እያሰናዳን ሳለ ከመተማ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ የእትዬ ደብሪቱ የእህት ልጅ መሆኗን ነገረችኝ። አክስቷ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እሷም የአክስቷን ሆቴል አድሳ ልትከፍተው ተነሥታለች፤ ፎቷቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ከምግብ ዝርዝሩ ራስ ላይ «የእትዬ ደብሪቱ የጾም ሽሮ» ብላ ልትጽፍ ነው። የቸገራት ነገር አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ማጣቷ ብቻ ነው።

«ምስጢሩን ለእርስዎ ብቻ ነው ያሳዩት ይላሉ፣ እትዬ ሙሉ። ይንገሩኝና ስማቸውን ላስጠራ» አለችኝ።

«እጄ ሥራ ላይ ነው፤ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን ነው። እጄ ሥራ ላይ አልነበረም፤ ማማሰያውን ጥዬ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ወንበር አመጡልኝ። እኔን የያዘኝ ግን ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ንዴት እንዲህ ትኩስ ሆኖ ይቆያል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሰው የሞተን ሊያማ ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔ እንዲያ ብዬ አልጀምርም፤ ልወቅስ ነውና። አንቱ ማለትም ይገባኝ ነበር፤ በእናቴ ዕድሜ ነበረች። ፊት ለፊቷ ስሆን አንቱ ነበር የምላት። ብቻዬን ሳስባት ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም፤ ዛሬም ታግዬ አላወጣውም።

የሳንጃ ልጅ ነኝ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት ቁጭ ባልኩ ጊዜ፣ መተማ ዮሐንስ አስተማሪ የነበረው አጎቴ «ነይ፣ አንዲት ባለ ሆቴል አለች፤ እሷ ዘንድ ሙያ ልመጂ» ብሎ ወሰደኝ። ታኅሣሥ ነበር። አይከልን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሹራቤን አወለቅኩ። ሸኸዲ ስንደርስ ነጠላዬን አጣጥፌ ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩ። ኮኪት ላይ ማሽላ የጫኑ መኪኖች መንገድ እስኪለቁልን ቆመን ሳለ ልብሴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሳንጃም ቆላ ነው፣ ሙቀት አላጣሁም፤ የመተማ ፀሐይ ግን ሌላ ናት፤ ጥላ ውስጥም ትከተላለች። አጎቴ ግን ፊቱን እየጠረገ «ትለምጂዋለሽ» ይለኝ ነበር።

ሆቴሉ ዐሥራ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ግቢው መሐል ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ወጥ ቤቱ ከዛፉ ጀርባ ነው። ጠዋት ፉል፣ ቀን ጥብስና ቀይ ወጥ ይቀርባል። የሱዳን ሾፌሮች፣ የሰሊጥ ነጋዴዎች፣ አስተማሪዎችና ጤና ረዳቶች ይመገቡበታል። የቤቱ ስም የሚነሣው ግን ረቡዕና ዓርብ ነበር። የእትዬ ደብሪቱን የጾም ሽሮ ለመብላት ሰው ከሸኸዲ ድረስ ይመጣል። «የሷ ጾም የሌላውን ፍስክ ያስንቃል» ይሉ ነበር እጃቸውን እየታጠቡ። እኔም የምሰማውን ሁሉ ለእናቴ በደብዳቤ እጽፍላት ነበር።

የልምምዱ ወግ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ወር ድስት አጠብኩ። ቀጥሎ ሽንኩርት ከተፍኩ። ከፋሲካ በኋላ ቁሌት እንዳቁላላ ተፈቀደልኝ። ሽሮው ገብቶ መንተክተክ ሲጀምር ግን እትዬ ደብሪቱ ቀና ትልና «ሙሉ፣ እንጨት አምጪ» ትለኛለች። እንጨት ሞልቶ ከሆነ ጨው። ጨው ካለ ጎረቤት ሄጄ ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠይቄ እንድመጣ። ስመለስ ሽሮው ተከድኗል፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል፣ እሷም እጇን በሽርጧ እየጠረገች ፈገግ ትላለች። ምን እንደጨመረችበት ስጠይቃት መልሷ አንድ ነው፦ «ሙያ በልብ ነው፣ ልጄ።»

ሙያ በልብ ነው የሚባለው ሰው በችሎታው ጉራ እንዳይነዛ ነው። እሷ ግን በር መዝጊያ አደረገችው። እኔም በሩ ተከፍቶ የምገባበትን ቀን እየጠበቅኩ ስምንት ወር ቆየሁ። ጅል ነበርኩ። ድስቱን የማጥበው እኔ ነኝ። የሌላው የጾም ወጥ ድስት በቀላሉ ሲለቅ፣ የጾሙ ሽሮ ድስት አመድና ፍል ውሃ ካላገኘ ቅባቱ እንደማይላቀቅ እጄ ያውቅ ነበር። እጄ ያወቀውን ጭንቅላቴ እንዳይሰማ ያደረገው ለእሷ የነበረኝ አክብሮት ነው።

ሌላም ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። እትዬ ደብሪቱ በጾም ቀን ከትልቁ ድስት በልታ አታውቅም። ከምድጃው ጥግ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት አለቻት፤ በዚያች ለራሷ በሰሊጥ ዘይት ትሠራና ጓዳ ገብታ ብቻዋን ትበላለች። «የእንግዳ ድስት አይስማማኝም» ትል ነበር። የባለሙያ ወግ መሰለኝ፤ እኔም ስከብር እንዲያ አደርጋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ያን ክረምት ልቤ ያለው ጎንደር ነበር። ለመስከረም አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነው፤ ባለቤቱ የእትዬ ደብሪቱ ዘመድ ነው። ወጥ ቤት የምትገባ ልጅ እንድትልክለት ጠይቋት «ሙሉን እልክልሃለሁ» ብላዋለች። ወረቀት የለኝም፣ ፈተናውንም ወድቄአለሁ፤ ያለኝ የእሷ ቃል ነው። እሷ «ትችላለች» ካለች እገባለሁ። ዝም ካለች ሳንጃ ተመልሼ እናቴ ደጅ ላይ ቁጭ ማለት ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ነሐሴ ገባ። በዚያ አገር ነሐሴ የሰሊጥ አረም ነው። ከጎጃምና ከወሎ ቁልቁል የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ ይሏቸዋል፣ ጎንበስ እንዳሉ ይውላሉ። ፍልሰታም የሚገባው ያኔ ነው። ሌላውን ጾም የሚሽር ሰው እንኳ የእመቤታችንን ጾም አይሽርም፤ ሕፃናትም ይጾሙታል። ከኮኪት ወዲያ ሰፊ እርሻ ያለው አንድ ሰው የካምፑ ምግብ ሠሪ በወባ ወደቀችበትና፣ ስልሳ ለሚሆኑ አራሚዎች ምሳ እንድንሠራለት እትዬ ደብሪቱ ዘንድ መጣ። «ያን ሽሮሽን ይቅመሱልኝ እስቲ» አላት። እሷም ደስ አላት።

በማግስቱ ጠዋት ትልቁን ድስት ጣድን። ቁሌቱን አቁላላሁ፣ ሽሮው ገባ፣ መንተክተክ ጀመረ። «ሙሉ፣ እንጨት አምጪ» አለች። ወጣሁ። የኒሙን ዛፍ ሳላልፍ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ዱብ አለና ሮጬ ተመለስኩ። እትዬ ደብሪቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ «ቅመም» የሚል ከተጻፈበት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በጭልፋ እያወጣች ድስቱ ውስጥ ትጨምራለች። ቅመም አይደለም። ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት የነጠረ ቅቤ ነው። አንድ ጭልፋ፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሦስት።

ዞር ስትል አየችኝ። አልደነገጠችም። ቆርቆሮውን ከደነችና «አየሽው እንግዲህ» አለች።

«እትዬ፣ ፍልሰታ እኮ ነው።»

«መቼ ጠፋኝ። ሰው የሚመጣው ጣዕሙን ብሎ ነው። ባላወቀው ነገር ደግሞ ኃጢአት የለበትም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከዚህ ድስት አልበላም» አለችኝ፤ የማይጠየቅ ነገር የጠየቅኳት ይመስል። ከዚያ ማማሰያውን አቀበለችኝና «መስከረም ጎንደር ትሄጂ የለም? እዚያም ብዙ ታያለሽ። ሙያ በልብ ነው ብዬሻለሁ» አለች።

እያማሰልኩ ንዴቴ ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። ስምንት ወር እንጨት የተሸከምኩበት፣ ሰዓት ስጠይቅ ጎረቤት የሳቀብኝ፣ ለእናቴ «ገና አላሳዩኝም እንጂ ትልቅ ሙያ ነው» ብዬ የጻፍኩለት ምስጢር ቅቤ ሆኖ ተገኘ። ቅቤ ጨምሮ ማጣፈጥ ማን ያቅተዋል? ደግሞ የተናደድኩት ለጾሙ ብቻ ብዬ አልዋሽም፤ መጀመሪያ የተናደድኩት ስለ ተታለልኩ ነው። ለጾሙ የተናደድኩት ኋላ ነው፤ ያም ቢሆን አፌን አላስከፈተኝም።

ምግቡን የማደርሰውና የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ድስቱን ባለ እርሻው በላከው ትራክተር ተሳቢ ላይ በገመድ አሰርነው፣ እንጀራውን በላስቲክ ሸፈንን፤ እኔ ድስቱን አቅፌ ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገዱ ግን ዋልካ ነው፤ ጎማው ሲዞር ጭቃውን እስከ ፊቴ ይረጨዋል። የትራክተሩ ሾፌር በየመንገዱ ዞር እያለ «ተማም ነው?» ይለኛል፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ተማም ነው እላለሁ። ግራና ቀኙ እስከ ዐይን ማረፊያ ድረስ ሰሊጥ ነው፤ ነጫጭ አበባው ዝናብ ይዞ ያበራል። ደጋግሜ አስብ የነበረው ተሳቢው ቢገለበጥ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ነው። አልተገለበጠም።

የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሽማግሌዎቹ የጾም ሰዓታቸውን ሳያደርሱ አይቀምሱም፤ እነሱ ስለጠበቁ ወጣቶቹም አብረው ጠብቀዋል። ከንጋት ጀምሮ ጎንብሰው ሲያርሙ የዋሉ ሰዎች እጃቸውን በበርሜል ውሃ ታጥበው፣ የሣር ዳሱ ስር በየትሪው ዙሪያ ተቀመጡ። እየዞርኩ ወጡን ጨለፍኩላቸው። «የሆቴል ምግብ እኮ ነው» ይባባላሉ እንደ ልጅ። የሁሉ ታላቅ የሆኑት ከጎጃም የመጡ አንድ ሰውዬ ናቸው፤ አያ ምትኩ ይሏቸዋል። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ባረኩና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኸ ሽሮ ቅቤ ቅቤ ይለኛል።»

እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ገና ያልጎረሰው ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰ። አንድ የወሎ ልጅ ብድግ ብሎ «ቅቤስ ከሆነ ድስቱንም እሷንም እዚያ ጭቃ ውስጥ ነው የምንደፋ» አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

«የጾም ነው፣ አባቴ። የሰሊጥ ዘይት ነው» አልኩ።

አያ ምትኩ ቀና ብለው ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «እስቲ እመቤቴን በይ።»

ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ጎንደርን አየሁ። ገና ያልገባሁበትን ወጥ ቤት፣ የተደረደሩ ምድጃዎቹን፣ ነጭ ሽርጤን አየሁ። ከዚያ የሳንጃውን ደጃችንን አየሁ። ሁሉም የፈጀው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው።

«እመቤቴን» አልኩ።

በገዛ ጾሟ፣ በገዛ ስሟ፣ በውሸት።

አያ ምትኩ አማተቡ። ከዚያ «ልጂቱ ምላለች፤ ብሉ» አሉና ቀድመው ጎረሱ። ሌላውም ተከተለ። ትሪ ሁሉ ተጠረገ፤ ጨምሪልን ያሉኝም ነበሩ፣ ጨመርኩላቸው። ያ የወሎ ልጅ ሳይቀር ሲነሣ «እጅሽ ይባረክ፣ እታለም» አለኝ። አሜን አልኩ። ስልሳ ሰው እየተነሣ እጅሽ ይባረክ አለኝ፣ እኔም ስልሳ ጊዜ አሜን አልኩ።

ከዳሱ ጀርባ ትሪ ሳጥብ አያ ምትኩ የቀረውን ይዘው መጡ። አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቅቤ ነው።»

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። «ታዲያ ለምን በሉ?» አልኳቸው።

«እኔ ብተወው ሁሉም ይተዋል። ከንጋት ያጎነበሰ ልጅ ሁሉ ባዶ ሆዱን ሊያድር ነው። አንችንም ምን ያደርጉሽ እንደነበር እንጃ። ጾሙን እኔ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፤ ስግደት ያዙኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ያልቃል።» ትሪውን ከፊቴ አስቀመጡና ተነሡ። «መሐላውን ግን እኔ አልሸከምልሽም፣ ልጄ። አልችልም።»

እውነቱን ልናገር፤ በእሳቸውም ተናድጃለሁ። ለዓመታት ተናድጃለሁ። ድስቱን ቢደፉት፣ ቢሰድቡኝ፣ ያ ልጅ በጥፊ ቢለኝ ኖሮ ያን ቀን ተቀጥቼ ወጥቼ ነበር። በትዕግሥት የገላገሉኝ መሰላቸውና ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው እንድዞር አደረጉኝ። ደግ ሰው እንዲህ ነው፤ በደግነቱ ስትናደድበት ደግሞ በራስህ ይብስብሃል።

ስመለስ እትዬ ደብሪቱ ጓዳ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ቅቤ ነው ወይ ብለው አስማሉኝ።»

«ማልሽ?»

«ማልኩ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ስምንት ወር አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ትንሿን የሸክላ ድስት ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ነይ፣ አብረን እንብላ» አለችኝ።

በላሁ። እምቢ ብዬ መውጣት ነበረብኝ፤ ርቦኝ ነበር፣ በላሁ። የሰሊጥ ዘይቱ፣ በቀስታ የበሰለው ሽንኩርት፣ መጨረሻ ላይ የገባው ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ፤ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ሽሮ ቀምሼ አላውቅም። ቅቤ የገባበት ድስት አጠገቡ አይደርስም። እዚህ ላይ ነው ያረርኩት። የማትችል ብትሆን፣ ሙያ የሌላት ብትሆን፣ አታላይ ናት ብዬ ንቄ በተውኳት። ትችል ነበር እኮ። ለእግዚአብሔርም ለሰውም የሚቀርብ ሽሮ መሥራት ትችል ነበር፤ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ዐይን ይፈልጋል፣ ከምድጃው ሥር ንቅንቅ አያስብልም። ለራሷ ሆድና ለራሷ ነፍስ ስትል ትደክማለች፤ ለሌላው ሆድና ለሌላው ነፍስ ቆርቆሮ ትከፍታለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ እንጨት አምጪ አላለችኝም። ትልቁ ድስት አጠገብ ቆሜ እንድመለከት አደረገችኝ፤ የትንሿንም አሠራር አንድ በአንድ አስተማረችኝ። ዘይቱ መቼ እንደሚገባ፣ ሽሮው በለብታ ውሃ እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ እሳቱ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ሁሉንም አሳየችኝ። ስምንት ወር በአክብሮት ያላገኘሁትን ሙያ በአንድ የሐሰት መሐላ አገኘሁት። መስከረም ላይ ቃሏን ጠበቀች፤ «ትችላለች» አለች፣ ጎንደር ገባሁ። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፤ ሠርግና ማኅበር አሰናዳለሁ፣ ልጆች አሠለጥናለሁ። ሰው «እንዴት ጀመርሽው?» ሲለኝ «ከታች ነው የጀመርኩት፣ ከድስት አጠባ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉውም አይደለም።

ትናንት ለእህቷ ልጅ መልሼ ደወልኩ።

«አክስትሽ ሁለት ድስት ነበራት» አልኳት። «አንዱ ቅቤ የሚገባበት ነው፣ የእንግዳ። አንዱ በሰሊጥ ዘይት የሚሠራ ነው፣ የራሷ። የቱን ልንገርሽ?»

«ሰው የሚያስታውሰው የቱን ነው?» አለችኝ።

«የቅቤውን።»

«እንግዲያው እሱን ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

የእትዬ ደብሪቱን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት። «እስክሪብቶ ያዢና ጻፊ» አልኳት። «ሽንኩርቱን በደንብ አቁላዪ። ሽሮው ሲንተከተክ ሦስት ጭልፋ ቅቤ ጨምሪ። ከዚያ ከዝርዝርሽ ላይ የጾም የሚለውን ሰርዢና የፍስክ ብለሽ ጻፊበት።»

«የአክስቴ ሽሮ እኮ የጾም ነው የሚባለው፤ አገር ያውቀዋል።»

«የጾም ያሰኘሁትማ እኔ ነኝ፤ ምዬ» አልኳት። የትንሿን ድስት አሠራርም ነገርኳት፤ ትጻፈው አትጻፈው አላውቅም።

በእኔ ቤት ወጥ ሲቀመም ማንም እንጨት አምጪ ተብሎ አይላክም። «ይህ ጾም ነው?» የሚል እንግዳ ሲመጣ እጁን ይዤ ወጥ ቤት አስገባዋለሁ፤ ድስቱን ከፍቼ፣ የዘይቱን ጠርሙስ አሳይቼ እመልሰዋለሁ። የማሠለጥናቸው ልጆች ይስቁብኛል። «እትዬ፣ ጾም ነው ቢሉት አይበቃም?» ይሉኛል። አይበቃም።

የአያ ምትኩን ወሬ ዳግም አልሰማሁም። ስንት ስግደት እንደታዘዙ አላውቅም። ትናንት ስልኩን ዘግቼ ስወጣ ከሠርገኞቹ አንዲት እናት ምግቡን ቀምሰው ኖሮ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉኝ። መልሱን እየጠበቁ ቆሙ። «ይብሉ፣ እናቴ» ብቻ አልኳቸው። አሜን ካልኩ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው።